መንገዱ ሲቆፈር ባዶ ቱቦም ይቀበር

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት የኮብልስቶን መንገድ ዳር አንድ ቴክኒሻን ዝናብ ላይ ቁጭ ብሏል። ጃንጥላ ይዟል፤ ጃንጥላው ግን ለእሱ አይደለም። ጉልበቱ ስር ላስቀመጠው የፋይበር መቀጠያ ማሽን ነው። የእሱ ጀርባ በስብሷል።

ቧንቧ ለመቅበር የመጡ ቆፋሪዎች ኬብሉን በዶማ በጥሰውት ነበር። ሰፈራችን ሦስት ቀን ያለ ዋይፋይ ሰንብቷል። ሞደማችን ላይ ቀይ መብራት ብቻ ነው የሚበራው።

ቆሜ አየሁት። ጥቁሩን ሽፋን ላጠው። ከውስጡ ቀለም የተቀቡ ቀጫጭን ክሮች ወጡ። አንዷን ክር አልኮል በነካ ሶፍት ጠረገና ጫፏን በስለት አስተካክሎ ቆረጠ። ውፍረቷ ከሰው ፀጉር ብዙም አይበልጥም። መስታወት ናት። ሁለቱን ጫፎች ማሽኑ ውስጥ ፊት ለፊት አድርጎ ክዳኑን ሲዘጋ፣ ብልጭታው አቅልጦ አንድ አደረጋቸው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ክር።

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ከኋላው ቆማለች።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ያልቃል?»

«ያልቃል እህቴ። ግን ከታች በኩል ደግሞ ሳምንት ሌሎች ሊቆፍሩ ነው።»

የልጅቷ ሥራ ያለ ኢንተርኔት አይሄድም። ተማሪ በቴሌግራም ፋይል ይልክላታል፣ እሷ አትማ ትጠርዛለች። ሦስት ቀን ከስልኳ ሆትስፖት እየከፈተች፣ ፓኬጅ እየገዛች ነው የሠራችው። ያተረፈችው ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ባሕር ዳር ውስጥ ኢንተርኔት ለቤትና ለሱቅ እንዳይደርስ የሚያደርገው ትልቁ ችግር ከባሕር ማዶ የሚመጣው መስመር አይመስለኝም። ከዋናው መንገድ እስከ በራችን ያለችው መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ናት። እሷን ደግሞ እኛው፣ ከተማችን፣ ልናስተካክላት እንችላለን።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በስልክ መስመር ላይ እየደወሉ ነበር የሚገናኙት። ቀጥሎ ኤዲኤስኤል መጣ። እሱም የሚሄደው በዚያው የስልክ መዳብ ሽቦ ነው። መዳብ ጥሩ አገልግሎናል፤ ግን ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ርቀት ነው። ከስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ከራቅህ ፍጥነቱ እየሞተ ይሄዳል። ሁለተኛው ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ መገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ ይገባና ስልኩ ይንሾካሾካል፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል። የባሕር ዳርን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ፋይበር ከዚህ ነፃ ነው። የሚጓዘው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ እርጥበት እንደ መዳቡ አያውከውም። ለቤት የሚዘረጋው አሠራር ጂፖን ይባላል። ከጣቢያው የምትነሳ አንዲት ክር ሰፈር ስትደርስ በማከፋፈያ ሳጥን ለ32 ወይም ለ64 ቤት ትከፋፈላለች። እነዚህ ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙት ወደ 2.5 ጊጋ ቢት በሰከንድ ነው። ማከፋፈያው መብራት አይፈልግም። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ጣቢያው ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ካለው፣ አንተም ቤትህ ለሞደሙ ትንሽ ባትሪ ካዘጋጀህ፣ ኢንተርኔትህ አብሮ አይሄድም። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሞባይል ኢንተርኔትስ? አብዛኞቻችን ኢንተርኔትን ያወቅነው በስልካችን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ነበረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ወደ ከተማችን ገባ። ምርጫ መምጣቱ ጥሩ ነው። ሲም የሚገባበት ራውተር ገዝተው ቤታቸው ያስቀመጡ ጎረቤቶችም አሉኝ። ግን የአንድ የኔትወርክ ማማ አቅም ለሰፈሩ ሁሉ የሚካፈል ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት ይሰማሃል። ለአንድ ስልክ ይበቃል። ሰላሳ እንግዳ ለሚያሳድር የሐይቅ ዳር ሆቴል፣ ፎቶና ቪዲዮ ለሚልክ ስቱዲዮ፣ ለክሊኒክ፣ ኮድ ለሚጽፍ ወጣት አይበቃም። ዘጌን ለመሰለ ቦታ ግን እውነቱን እንናገር፤ እዚያ ለጊዜው ማማው ነው ተስፋው። በቡናው ጫካ ውስጥ ለተበታተነ ቤት ሁሉ ኬብል መቅበር የዛሬ ሥራ አይደለም።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበርም አልረሳሁም። ስንቱ ሰው ሥራው ቆሞ ነበር። ያ የውሳኔ ጉዳይ ነው፣ ኬብል የሚያልፍበት ቱቦ መቅበር አይፈታውም። እኔ ዛሬ የማወራው እጃችን ላይ ስላለው ነው።

ወደ ሰፈር እንመለስ። ፋይበር ለማስገባት ስታመለክት ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ፖርት የለም» ነው። ማከፋፈያው ሞልቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፖርት አለ፣ ግን ኬብሉ እናንተ ግቢ የሚደርስበት መንገድ የለም። ኮብልስቶኑ አይነሳም። ፖሉ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ከመብራቱ ሽቦ ጋር ይተሻሻል፣ ዛፍ ይወድቅበታል፣ የጭነት መኪና ይጎትተዋል።

የግቢው ጉዳይ ደግሞ አለ። የዚህ ከተማ ሕዝብ ብዙው ተከራይ ነው። እኔም ከአራት ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ እኖራለሁ። መስመር ለማስገባት ስንጠይቅ አከራያችን ደግ እናት ናቸው፤ ግን ግድግዳ መበሳቱን ፈሩ። «ልጄ፣ ትናንት ያስቀባሁትን ቤት ትበሱብኛላችሁ?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ በመስኮቱ ጠርዝ አስገባን። አሁን አንድ መስመር ለአራት ቤት እንካፈላለን። ወር በደረሰ ቁጥር እያዋጣን ነው የምንከፍለው። ቤቱ ሲሠራ አንዲት ቀጭን ቱቦ ግድግዳው ውስጥ ቢቀበርለት ኖሮ ይህ ሁሉ ልመና ባልነበረ። ለመብራት ቱቦ ቀብረናል። ለውሃ ቀብረናል። ለኢንተርኔት ነው ያላሰብነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። መስመሩ ደካማ ነው ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት ራውተሩ የት እንዳለ እዩ። ብዙ ቤት ገብቼ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ዳንቴል ተደርቦበት አግኝቼዋለሁ። የሲግናሉን ብርታት ግድግዳና ብረት ይበሉታል። አውጡትና ከፍ ያለ ቦታ፣ ቤቱ መሐል አድርጉት። «10 ሜጋ» ሲባልም ሜጋ ቢት ነው። ለስምንት ስታካፍሉት በሰከንድ የሚወርደው 1.25 ሜጋ ባይት ነው። ይህን ማወቅ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

አሁን ወደ ሐሳቤ። ከተማችን በኮሪደር ልማት ምክንያት ተቆፍራለች፣ ገናም ትቆፈራለች። የእግረኛ መንገዱ ይነሳል፣ የጎርፍ ቦይ ይሠራል፣ ሽቦ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መሬቱ ክፍት በሆነ ቁጥር ባዶ ቱቦ ይቀበር ነው የምለው። ዛሬ የሚያልፍበት ኬብል ባይኖርም ይቀበር። በዋናው መንገድ ብቻም አይደለም፤ በውስጥ ለውስጡ፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍም። ወደ እያንዳንዱ ግቢ በር አንድ ቅርንጫፍ ይውጣ፣ በየተወሰነ ርቀት ማንሆል ይሠራ።

ብዙ ሰው «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኬብል በመቅበር ሥራ ውስጥ ትልቁን ወጪ የሚበላው ቁፋሮውና መልሶ ማንጠፉ ነው። ቱቦው ርካሹ ነገር ነው። ለጎርፉ ቦይ ቀድሞ የተቆፈረ መሬት ላይ ቱቦ ማጋደም፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያንኑ አስፋልት ከመቅደድ ጋር አይወዳደርም። ቱቦው የከተማው ንብረት ይሁን። ሁለቱም ኦፕሬተሮች እኩል ይከራዩት። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የመሠረተ ልማት መጋራትን አስቀድሞ አስቦበታል። ሕግ የለም ብለን የምንቆምበት ምክንያት የለም። አንዱ ከቆፈረው አጠገብ ሌላው በትይዩ እየቆፈረ፣ የአንዱን ኬብል የሌላው ዶማ እየበጠሰ መኖር ለማናችንም አልጠቀመም።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም ድርሻ አለው። ፕላኑ ላይ የመብራትና የውሃ መስመር እንደሚጠይቅ፣ ከአጥር እስከ ሳሎን የምትሄድ አንዲት ቱቦ ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? ለባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ደግሞ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚወጣ መተላለፊያ ግዴታ ይሁን። አሁን ባሉት ሕንፃዎች ደረጃ ዙሪያ የተጠማዘዘውን ኬብል ያየ ሰው ይህን አይቃወምም።

ዓባይ ማዶ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ይህን ሁሉ ስነግረው ብዙ አልተከራከረኝም። በማግስቱ ወደ ሱቅ ሄዶ ቱቦ ገዛ። ወለሉ ከመሞላቱ በፊት ከሳሎኑ እስከ አጥሩ ቀበረው። ኬብል የሚጎተትበት ሲባጎም ውስጡን አሳልፎ ተወው። ባለፈው እሑድ ሄጄ አየሁት። ቱቦው ከአጥሩ ስር ወደ መንገዱ ብቅ ብሏል። አፈር እንዳይገባበት አፉን በፌስታል አስሮታል። ከመንገዱ በኩል የሚቀበለው ቱቦ ገና የለም። መንገዱ ግን በዚያው ሰሞን ለጎርፍ ቦይ ተቆፍሮ ክፍቱን ነበር።