«ሪዞሉሽኑን ቀንሰህ ተጫወት» የሚሉት መልስ

ከሱቁ መመለሴ ገና አሁን ነው። ንዴቱ እስኪበርድልኝ ልጠብቅ ብል ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ማደሩ ስለማይቀር እንዲሁ እንደ ተናደድሁ እጽፈዋለሁ። ላፕቶፑን ታውቁታላችሁ፤ «ዛሬስ ስንት ፍሬም ሰጠህ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ የሰነበታችሁት፣ ያ ስክሪኑ ፎር ኬ የሆነው ነው፤ ሪዞሉሽኑ፣ ማለትም የምስሉ ነጥቦች ብዛት፣ 3840 በ2160 ነው።

ሻጩ ፊት ከፍቼ ጌሙን አስጀመርሁለት። በስክሪኑ ጥግ ያለው የፍሬም ቆጣሪ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚሣል የሚያሳየው፣ 19፣ 22፣ መልሶ 17 እያለ ሲንገዳገድ በጣቴ እየነካሁ አሳየሁት። ገጸ ባሕርዩን ወደ ጎን ባዞርሁት ቁጥር ምስሉ ይቆራረጣል፤ ፋኑ ሰው እስኪዞር ድረስ ይጮኻል፤ ከቁልፎቹ በላይ ያለው ብረት ደግሞ ጣት አያስቀምጥም። ሰውዬው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከተመለከተ በኋላ ፈገግ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ ይኼማ ቀላል ነው። ሪዞሉሽኑን ወደ 1080 ቀንሰህ ተጫወት።»

«ታዲያ ፎር ኬውን ለምን ሸጥህልኝ?»

«ስክሪኑ እኮ ምርጥ ነው! ፊልም እይበት።»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ሳቁ። «ፊልም እይበት!» እኔ የጌም ላፕቶፕ እፈልጋለሁ ብዬ ስሄድ ፊልም የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይባስ ብሎ በገዛሁበት ዕለት «ይህንኑ ግራፊክስ ካርድ ይዞ ስክሪኑ 1080 የሆነ የለም?» ብዬ የጠየቅሁት ይህንኑ ሰው ነበር። ያን ጊዜ የሰጠኝ መልስ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ «በዚህ ዘመን 1080 የሚጠይቅ ሰው አለ እንዴ?» ነበር ያለኝ፣ ያውም ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ። ዛሬ ደግሞ መድኃኒቱ ያው 1080 ሆኖ አረፈው!

ነገሩ እኮ ምሥጢር አይደለም፤ ማባዛት የሚችል ሁሉ ይደርስበታል። 1080 የሚሉት 1920 በ1080 ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል፣ ማለትም ነጥብ ነው። ፎር ኬው፣ 3840 በ2160 ሲባዛ ደግሞ 8,294,400፣ ማለትም ልክ አራት እጥፍ ይሆናል። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲሄድ ከተፈለገ ምስሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዱን ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሥሎ መጨረስ አለበት፤ ስክሪኑ ፎር ኬ ስለሆነ የሚጨመርለት ጊዜ የለም፤ የሚጨመርለት ሥራው ብቻ ነው። የፍሬሙ ቁጥር ሁልጊዜ በአራት ይከፈላል ማለቴ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ድርሻ በፒክስል ብዛት አያድግም። ነገር ግን 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ላይ ያን ያህል ሸክም መጫን፣ ከዚያም «ደካማ ሆነ» ብሎ መገረም ምን የሚሉት ነው?

«ቀንሰህ ተጫወት» የሚሉት ሰዎች ያልገባቸው ሌላም ነገር አለ። የላፕቶፕ ስክሪን ነጥቦች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ ሪዞሉሽን ስንቀንስ ነጥቦቹ አይቀነሱም፤ ትንሹ ምስል ተለጥጦ ትልቁን ስክሪን እንዲሞላ ይደረጋል እንጂ። ከፎር ኬ ወደ 1080 ሲወረድ አንዱ ፒክስል ልክ አራት ነጥብ ስለሚሞላ በሒሳብ ደረጃ ምስሉ ሊደበዝዝ አይገባውም ነበር፤ ሆኖም የተለመደው የመለጠጫ ዘዴ የጎረቤት ነጥቦችን ቀለም ስለሚያቀላቅል ይደበዝዛል። ትናንት ማታ የጌሙን ካርታ ከፍቼ የመንደሮቹን ስም ለማንበብ ስሞክር ፊደሎቹ ላብ በያዘው መስታወት ማዶ ያሉ ይመስሉ ነበር። ይህን የሚያስተካክል ኢንቲጀር ስኬሊንግ የሚባል ሴቲንግ ካርዱ ውስጥ መኖሩን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ሻጩ ስሙንም ሰምቶት አያውቅም። ስክሪናቸው 2560 በ1440 የሆነማ ይህ መውጫ እንኳ የላቸውም፤ ወደ 1080 ሲወርዱ አንዱ ፒክስል በወርድም በቁመትም አንድ ነጥብ ከሲሶ ላይ ያርፋል፤ ነጥብ ደግሞ ለሦስት አይቆረጥም።

ወንድሜም አለ፤ እርሱንም ሳላነሣው አላልፍም። «ጥላውን ቀንስ፣ ሣሩን ቀንስ፣ የውሃውን ነጸብራቅ አጥፋው» እያለ አንድ ሳምንት አደረቀኝ። ሁሉንም አደረግሁ። ስምንት ሚሊዮን ነጥብ ያለው ስክሪን ሣር በሌለው ሜዳ ላይ ጥላ የሌለው ሰው ሲሮጥ አሳየኝ! «ዲኤልኤስኤስ አብራ» ያላችሁኝን አመሰግናለሁ፤ ጌሙን በትንሽ ሪዞሉሽን ሥሎ በብልሃት የሚያሳድገውን ያን ዘዴ አልንቀውም። በፎር ኬ ላይ ፐርፎርማንስ በሚለው ደረጃ ጌሙ በ1080 ተሥሎ ስለሚያድግ፣ ምስሉ እንዲሁ ከተለጠጠው እጅግ የተሻለ ነው። እኔ የምጫወተው ጌም ግን የለውም፤ በቃ የለውም።

ስለ ካርዶቹም ዋት፣ ማለትም ስንት ኃይል እንደሚሰጣቸው፣ ማንም አይነግራችሁም። አርቲኤክስ 4060 የሚባለው የላፕቶፕ ካርድ እንደ ተሠራለት ላፕቶፕ ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ይለያያል፤ ስሙ ግን ያው አንድ ነው። ገዢው በስሙ ተማምኖ ስክሪን ይመርጣል፤ ቤቱ ሲደርስ ካርዱ ስክሪኑን መሸከም ያቅተዋል። ስክሪኑ ፎር ኬ መሆኑን ክዳኑ ላይ በትልቁ ለመለጠፍ ቦታ ያገኙ ሰዎች ዋቱን ለመጻፍ ቦታ አጡ?

ደግሞስ ለ15.6 ኢንች? በዚህ መጠን 1080 ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 141 ያህል ፒክስል አለው፤ ፎር ኬው 282 ያህል። ጽሑፍ ለሚያነብና ፎቶግራፍ ለሚያርም ሰው ልዩነቱ ዋጋ ይኖረው ይሆናል፤ በክንድ ርቀት ተቀምጦ ከፊቱ የሚሮጠውን ጠላት ለሚያሳድድ ሰው ግን ለስላሳ እንቅስቃሴ ይበልጥበታል። እኔ የፈለግሁት 1080 ሆኖ 144 ኸርትዝ የሆነ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ነበር። ካርዱ ጠንከር ቢል ኖሮ 1440ውንም በደስታ እወስድ ነበር።

ዛሬ ልወጣ ስል ዓይኔ ከሰውዬው ጀርባ ካለው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ያው ሞዴል፣ ያው ካርድ፣ ስክሪኑ 1080፣ 144 ኸርትዝ። «ያ ምንድን ነው?» አልሁት። ዞር ብሎ አየውና «እ፣ እርሱማ ድሮም ነበረ» አለኝ። ቀይርልኝ ብዬ ብጠይቀው ደረሰኙን አገላብጦ አየ፤ የመቀየሪያው ጊዜ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል አለኝ። ሁለት ቀን! እነዚያን ሁለት ቀኖች ያሳለፍኋቸው ጥላና ሣር ስቀንስ ነው።