እርማት፦ ማቃጠሉ «መርዝ እየወጣ ነው» ማለት አይደለም

ከዕፅዋት ስለሚወጡ ኃይለኛ መዓዛማ ዘይቶች «ላቬንደርና ቲ ትሪ ተፈጥሯዊ ስለሆኑ ሳይቀጠኑ ቢቀቡም አይጎዱም፤ ካቃጠለም መርዝ እየወጣ ነው» ተብሎ የሚጻፈውን ብዙዎች ያምኑታል። ግን ስህተት ነው፤ ሰው እየተጎዳበትም ስለሆነ ዝም ሊባል አይገባም። በቆዳ በኩል መርዝ የሚያስወጣ ዘይት የለም። መቅላቱና ማቃጠሉ ቆዳው መቆጣቱን ወይም አለርጂ መጀመሩን ነው የሚያሳየው። አለርጂው አንዴ ከያዘ ደግሞ በኋላ ጥቂት ጠብታም ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም አይለቅም።

ለአዋቂ ሰው ገላ 2 በመቶ መዓዛማ ዘይት ይበቃል፦ ማቅጠኛ በሚሆን 30 ሚሊ ሊትር የጆጆባ ወይም የአልሞንድ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ገደማ። ለፊት ግማሹ፣ 6 ጠብታ። መጀመሪያ የተቀጠነውን በክንድዎ ውስጠኛ በኩል ትንሽ ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። ተከፍቶ የቆየ ቲ ትሪ አየር ስለሚለውጠው ከአዲሱ ይልቅ አለርጂ ያስነሳል፤ ክዳኑን አጥብቀው ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት።

ቆዳ ካቃጠለ ውሃ ብቻ ማፍሰስ ብዙም አይረዳም፤ ዘይቱ ከውሃ ጋር አይዋሃድም። የምግብ ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ወዲያውኑ በብዙ ንጹህ ውሃ እያጠቡ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በቀጥታ ማንጠባጠብም ያው ነው፦ ዘይቱ ላይ ላዩን ተንሳፎ ሳይቀጥን ገላ ላይ ይለጠፋል። አስቀድመው ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡት።