ጥናት ቅንጦት ነው ካላችሁ ሲሚንቶውን አቁሙ

«ሕዝቡ ቅርሱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ከመጠጣት አያልፍም። ገንዘቡ ለሚታይ ሥራ ይዋል።»

ይህን የተናገሩት ሰሞኑን በአንድ የበጀት ውይይት ላይ ለቅርስ ጥናትና ለተማሪዎች ትምህርት የተያዘው ገንዘብ ወደ ቀለም፣ ወደ መብራትና ወደ ባነር እንዲዞር ያስደረጉ አንድ የሥራ ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሐሳቡ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ይህችን ንግግር ከአንድ አፍ ብቻ አልሰማትም።

ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች በጣም የምታስቀው የመጀመሪያዋ ናት። ሕዝብን ያከበረች መስላ ሕዝብን ባዶ እጁን ትሸኛለች። ሕዝቡ ያውቃል፣ አዎ። የሐረር ግንበኛ ውሃ የሚመጠውን ድንጋይ ከማይመጠው በእጁ መዝኖ ይለያል። ቤቷን በቀይ አፈር የምትለቀልቅ እናት አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት ታውቃለች። ታዲያ ከጎኗ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ፣ የሚመዝንና የሚቀርጽ ሰው ካልተላከ ይህ ዕውቀት አብሯት ይቀበራል። የተሰረዘው ገንዘብ ያንን ሰው የሚልከው ገንዘብ ነው። «ሕዝቡ ስለሚያውቅ ጥናት አያስፈልግም» ማለት ጉድጓዱ ውሃ ስላለው ባልዲ አንገዛም እንደማለት ነው።

ደግሞ የሚባለው ሁሉ ዕውቀት አይደለም። የሐረሪ ቤት መደቦች ቀይ የሚቀቡት እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ እንግዳም ይወደዋል። እውነትነቱን ለመፈተን ግን ተአምር አያሻም። በአንድ አሮጌ ቤት መደብ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ትመረጥና ልስኑ በቀጭን ስለት ሽፋን በሽፋን ይገለጣል። ከላይ የቅርቡ ነው፣ ከሥር የጥንቱ። እያንዳንዱ ሽፋን ተቆጥሮ በማጉያ መነጽር ፎቶ ይነሳል። ቤቱ ከጨለንቆ በፊት መሠራቱ ከተረጋገጠና ቀዩ ከሥረኛው ሽፋን ጀምሮ ከተገኘ ቀለሙ ጦርነቱን ይቀድማል። ቀዩ ከመሀል ከጀመረ ደግሞ አስጎብኚው የሚናገረውን የሚደግፍለት ነገር አገኘ። በየትኛውም በኩል ብናየው አንከስርም። የሚያስፈልገው ስለት፣ ማጉያ መነጽር፣ የባለቤቱ ፈቃድና ሥራውን የሠለጠነ አንድ ሰው ነው። የአንድ ትልቅ ባነር ዋጋ እንኳ አይሞላም ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደዚያ «የሚታይ ሥራ» ልምጣ፤ የዚህ አገር ቅርስ በብዛት የሚሞተው በሚታይ ሥራ ነውና።

በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መዝገቡ 82 መስጊዶችን፣ ከእነሱም ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን መሆናቸውን፣ 102 የአውሊያ (የሙስሊም ቅዱሳን) ስፍራዎችንም ጠቅሷል። እነዚህን ቁጥሮች ኃላፊዎቻችን በየንግግራቸው ይደረድሯቸዋል። ቁጥሮቹ ከሰማይ አልወረዱም። ሰው በየመንደሩ ዞሮ ቆጥሮ፣ ለክቶና መዝግቦ ነው ያገኛቸው፤ ማለትም ያ «አቧራ የሚጠጣው» ጥናት ነው።

ግንቡም ቤቶቹም የቆሙት በድንጋይና በጭቃ ነው። ክረምት ሲገባ እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሠረቱ ውሃ ይስባል፤ ከላይም ዝናብ ይጠጣል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። በጋ ሲመጣ የጠጣውን በገጹ በኩል ይተነፍሰዋል። በጭቃና በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ለዘመናት የቆመው ውሃ ስለማይገባበት ሳይሆን የገባው ስለሚወጣለት ነው። ይህን አንድ ነገር ያልተረዳ ሰው ጨረታ ማውጣት የለበትም።

ሲሚንቶው ሲመጣ ሥራው በጥቂት ቀን ያልቃል። ገጹ ለስላሳ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ፎቶ ላይም የሚያምር ነው። ርክክብ ይፈጸማል፣ ክፍያ ይወጣል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቆሞ የሚያይ የለም። ሲሚንቶ ድፍን ስለሆነ ከውስጥ የሚመጣው እርጥበት መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ውሃ አርፎ አይቀመጥም፤ ግድግዳው ውስጥ ከቀድሞው ከፍታው በላይ ይወጣል። ከመሬት የተሸከመው ጨው ውሃው ሲደርቅ ከልስኑ ኋላ ይረጋል፣ ሲረጋም ያብጣል፣ ሲያብጥም የድንጋዩን ገጽ እየገፋ ዱቄት ያደርገዋል። ድንጋዮቹን የያዘው ጭቃ ደግሞ ከርጥበቱ ብዛት ይላላል። ግድግዳው በሙቀትና በቅዝቃዜ ትንሽ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ጭቃው አብሮት ይሄዳል፤ ግትሩ ሲሚንቶ ግን ይሰነጠቃል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ዝናብ ይገባል፤ በዚያው ስንጥቅ መውጣት ግን አይችልም። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሲወድቅም ብቻውን አይወድቅም፤ የድንጋዩን ፊት ልጦ ነው የሚወርደው።

ያን ጊዜ ምን ይባላል? «አሮጌ ስለሆነ ፈረሰ።» መፍትሔውስ? ወፈር ያለ ሲሚንቶ! እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ሁለት ጊዜ በመንግሥት ገንዘብ ከመግዛት አንድ ጊዜ ማጥናት ይረክሳል። በዘይትና በፕላስቲክ ቀለም መቀባቱም የዚያው ዘመድ ነው። ግድግዳውን ያፍነዋል፣ ከዚያ እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል፤ ሐረር ቤቷን ኖራ ስትቀባ የኖረችው ሌላ ቀለም ስለጠፋባት ብቻ አይደለም።

ትክክለኛው ጥገና የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው፤ አሮጌው ጭቃ ከምን ተሠራ? መልሱን ለማግኘት ላቦራቶሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቢኖር መልካም ነው፤ የመጀመሪያውን መልስ ግን የ8ኛ ክፍል ተማሪም ያገኘዋል። ዝናብ ካጠበው ገጽ ሳይሆን ከልስኑ ሥር፣ ሊጠገን ከተከፈተው ቦታ፣ አንድ ጭብጥ ጭቃ ይወሰዳል። ድንጋይና ጭድ ተለቅሞለት ይደቅቃል። ግልጽ ጠርሙስ እስከ ሲሶው በዚህ አፈር ይሞላል፤ ውሃና ቁንጥር ጨው ተጨምሮበት ተከድኖ በደንብ ይመታል፣ ከዚያ ሳይነካ ይቀመጣል። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይንሳፈፋል። ሦስቱ ሽፋኖች በማስመሪያ ይለካሉ፤ አዲሱም ጭቃ በዚያው መጠን ይቦካል። ሸክላ የበዛበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ የበዛበት በእጅ ሲዳሰስ ይፈረፈራል። አፈሩ የተገኘው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ከመንገድ ዳር ተዝቆ መጥቶ የሚለሰን ግድግዳ በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሚመስል ግንበኞቹን ጠይቁ።

ኖራውም የራሱ ሥርዓት አለው። ጥሬው ኖራ በርሜል ውሃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራ ላይ አይገለበጥም፤ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። ከበረደ በኋላ ተጣርቶ ውሃ እንደሸፈነው ቢያንስ አንድ ወር ይቀመጣል፤ ሦስት ወር ቢቆይ ይሻላል። በቂ ጊዜ ያላገኘ ኖራ ውስጡ ያልበረደ ፍሬ ይቀርበታል፤ ያ ፍሬ ከተለሰነ በኋላ አብጦ ልስኑን ይቦረቡራል። ሲሠራበት አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ ሻካራ አሸዋ ጋር ይታሻል። ግድግዳው ውሃ ይረጫል፤ አንዱ ሽፋን ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ሳምንት ያህል ውሃ እየተርከፈከፈ ይጠበቃል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ጋር ቀስ ብሎ እየተዋሐደ ነው፤ በእኛ ፀሐይ በአንድ ከሰዓት ከደረቀ ግን ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ዱቄት ሲሆን ያየ ችኩል አሠሪ «ትንሽ ሲሚንቶ ጨምሩበት» ይላል፤ ወደ ላይኛው አንቀጽ ተመለስን ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድመ ፈቃድ እንዳይካሄድ የሚለው ለቢሮክራሲ ፍቅር ሲል አልነበረም።

የመደርደሪያው ነገርስ? ለዚህ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ይበቃል። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1929 በፈረንሳውያኑ በቴያር ደ ሻርዳንና በአንሪ ደ ሞንፍሬድ ተገኘ፣ በ1933 ተቆፈረ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ እንደገና ተቆፈረ። በዚህኛው ዙር የወጣው ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋይ ሣጥን ገብቶ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም መደርደሪያ ላይ 40 ዓመት ገደማ ተቀመጠ። ኃላፊው ቢያዩት «አቧራ ጠጣ» ባሉ ነበር። ከዚያ ተመራማሪዎች ሣጥኖቹን ከፍተው 4,213 ቁራጭ፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል፣ አንድ በአንድ መረመሩ። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ዋሻ የነበሩ ሰዎች ቀለም ሲፈጩና ሲፍቁ ቢያንስ 4,500 ዓመት ያህል እንደቀጠሉ ታወቀ። ይህ የተቻለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት የቆፈረው ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ ከየትኛው ካሬና ከምን ያህል ጥልቀት እንዳወጣው ጽፎ ነበር። መደርደሪያው አልበደለም። በደለኛው መለያ ወረቀት የሌለው ሣጥን ነው፤ ያንን ወረቀት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ለኃላፊው አምንላቸዋለሁ፤ ስለ እኛ የተጻፈው ብዙው ጥናት በእኛ ቋንቋ አይነበብም። ውጭ አገር ይታተማል፣ እዚህ አይመለስም። ይህ እውነት ነው። ታዲያ መፍትሔው ለትርጉም፣ ለኅትመትና ለመምህራን ሥልጠና ገንዘብ መጨመር ነው ወይስ ጥናቱን መግደል?

በድሬዳዋ አጠገብ ያለችውን ሐርላን እንመልከት። ሽማግሌዎች ግዙፍ ሰዎች የሠሯት ከተማ ናት ሲሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከአገራችን የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ሲቆፍር የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃ፣ ዛጎል፣ የግብፅ ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ፣ የጌጥ ሠሪዎች መሥሪያ ቦታም ተገኘ። ግዙፎቹ ነጋዴዎችና አንጥረኞች ሆነው ብቅ አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ይህ ከግዙፍ ሰው ተረት ይበልጣል። የድሬዳዋ ልጅ ግን ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ ያለውን ይህን ታሪክ ከየትኛው መጽሐፍ ይማር? ያልተማረ ልጅ አድጎ ማሳው ውስጥ ዶቃ ሲያገኝ በዶማ ቆፍሮ ይሸጣል፤ ልንወቅሰውም አንችልም። ዶቃው የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚነግረን አብሮት በአንድ ሽፋን የተኛው ከሰልና ሸክላ ነው። ዶማው ሽፋኖቹን ካደባለቀ ዶቃው ገበያ ላይ ካለው ዶቃ አይለይም፤ ያ ገጽ ተመልሶ አይጻፍም። ይህን ለአንድ መንደር ልጆች ማስተማር አጥር ከማጠርና ዘበኛ ከመቅጠር የበለጠ ይጠብቃል።

የተማሪ ጉብኝት ማለትም አውቶቡስ ሞልቶ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ አይደለም። ከ20 የማይበልጡ ልጆች ለአንድ የሠለጠነ አስጎብኚ፤ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት፤ ቦታው ላይ የሚሞሉት አንድ ገጽ መጠይቅ፤ «ምንም አታንሱ፣ ያያችሁትን አሳዩን» የሚል ጥብቅ መመሪያ፤ ሲመለሱ ደግሞ የጠርሙሱ ሙከራ። ሐረር ያለው የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም በአንድ ሰው ትጋት ተጀምሮ የብራና፣ የወረቀት መጽሐፍና የሳንቲም ማኅደር የሆነበት አገር ላይ የሕዝብ በጀት ይህን ማድረግ አቃተው ማለት ያሳፍራል።

ስለዚህ የተዘዋወረው ገንዘብ ይመለስ፤ ሲመለስም ጥናት፣ ሥልጠናና የትምህርት ቤት ሥራ በራሳቸው የበጀት መደብ ይግቡ እንጂ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ እንዳይወሸቁ፤ ከዚያ ኪስ ምን እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። የጥገና ጨረታ ሰነዱ ላይ የጭቃና የኖራ ምርመራ ውጤት ካልተያያዘ ጨረታው አይከፈት። ውሳኔውም ቶሎ ይምጣ፤ ለመጪው በጋ ጥገና የሚውል ኖራ መነከር ያለበት ክረምቱ ሳይወጣ ነው።