ደሴ ላይ በታኅሣሥ ቦሎቄ አብቅሉ ያለው ማን ነው?

ዛሬስ ልናገረው። ልጆቼ በጠዋት ፈረቃ ይማራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሳይንስን ቤት ውስጥ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። የጀመርኩት በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነው፤ በ2014 ጦርነቱ ደሴን ካንኳኳ በኋላማ የቤታችን ልማድ ሆኖ ቀረ። ማስተማሩ አልከበደኝም። ያንገበገበኝ «መቼ?» የሚለው ነው። የትኛውን ርዕስ በየትኛው ወር ላስተምር ስል መጽሐፉ አንድ ይላል፣ ሰማዩ ሌላ ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ይላል።

የታኅሣሡን ጉድ ልንገራችሁ። ትንሹ ልጄ የቤት ሥራ ይዞ መጣ፦ የቦሎቄ ፍሬ በእርጥብ ጥጥ ላይ አስቀምጡ፣ ሲበቅል በየቀኑ እየለካችሁ መዝግቡ። በታኅሣሥ! ጠዋት ጠዋት የጓሮው ሣር በውርጭ ነጥቶ በሚያድርበት ወር! ቦሎቄ ሙቀት የሚወድ ሰብል ነው፤ የደሴን የታኅሣሥ ሌሊት ምን በወጣው ይችላል? ፍሬው መጀመሪያ አበጠ፣ ቆዳው ተሸበሸበ፣ ከዚያ ጥጡ ቢጫ ሆኖ መሽተት ጀመረ። ልጁ ግን ማስመሪያውን ይዞ በየማለዳው ይለካል፤ መዝገቡ ላይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ተናደድኩና ከዚያው ከረጢት ጥቂት ፍሬ ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ላክሁ። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። እዚያ ፍሬው ሥር አወጣ፣ አንገቱን አቃና፣ ቅጠል ዘረጋ። እህቴ ፎቶውን ላከችልን። እንግዲህ አንድ ልጅ የበሰበሰውን ከበቀለው ጎን አድርጎ «ሙቀት ነው የለየው» ብሎ ከጻፈ ከዚህ በላይ ምን ሳይንስ አለ? ደብተሩ ሲመለስ «አልበቀለም፣ 2 ከ10» ይላል። ያንኑ ፍሬ እስከ በልግ ቢያቆዩት ምን ይጎድልባቸዋል? ሚያዝያ ላይ አፈሩም ሞቅ ይላል፣ ዝናቡም ይመጣል፣ ገበሬውም ይዘራል። ግን በሚያዝያ የዕፅዋት ምዕራፍ «ካለፈ ቆይቷል»።

ትልቋ ደግሞ በፈተና ላይ «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?» ተባለች። «ደሴ ላይ 92 ገደማ» ብላ ጻፈች። ስሕተት ተባለ። ልጅቷ ግን ከአየር ላይ አላመጣችውም። ከአንድ ዘመዳችን የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሰን፣ ከሰል አቀጣጥለን፣ ድስት ጥደን አይተናል። ውሃው ተንተከተከ፤ ቀይዋ መስመር 92 አካባቢ ደርሳ ቆመች። ብናራግብ፣ ከሰል ብንጨምር፣ ወይ ንቅንቅ! ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። 100 የሚሆነው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ኮምቦልቻ ቢሆን 94 ገደማ ነው። ባቄላ ንፍሮ እዚህ ለምን ከሰል እንደሚፈጅ የደሴ እናት ሁሉ በጓዳዋ ታውቀዋለች።

ላስረዳ ትምህርት ቤት ሄድኩ። «ግፊት ገና ነው፤ ላይኛ ክፍል ሲደርሱ ይማሩታል» ተባልኩ። ማሰሮው ግን ክፍል አይጠብቅም! በመምህሩ አልፈርድም፣ ያን ሁሉ ተማሪ ይዞ ከመጽሐፉ መውጣት አይችልም። ግን ያየችውን የጻፈች ልጅ ለምን ትቀጣለች?

ከሁሉ ያበሸቀኝ ደግሞ የጥላው ነገር ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች፦ በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 17 አካባቢ። በእነዚያ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ ዱላ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ጥላው ይጠፋል። ሰኔ ላይ ብትመጡ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን። ምድር ዘንበል ብላ ፀሐይን እንደምትዞር አንድ ሳንቲም ሳይወጣ የሚታይበት ትምህርት ነው። የነሐሴውን ደመና ይወስደዋል፤ ስለዚህ ያለን ሚያዝያ ነው። የጠዋት ፈረቃ ደግሞ የሚለቀቀው ከዚያች ደቂቃ በኋላ ነው! ለልጆቼ የግማሽ ሰዓት ፈቃድ ጠየቅሁ። «ለምን ጉዳይ?» ጥላ ለማየት ስላቸው ሰውየው ቀና ብለው ጤንነቴን ሊያረጋግጡ ይመስል አዩኝ። ለለቅሶ ይፈቀዳል፣ ለሠርግ ይፈቀዳል፤ ለዱላ ጥላ አይፈቀድም።

ቤተ ዘመዱን ተዉት። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በመጡ ቁጥር ቡናው ሳይቀዳ «ስንተኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ?» ይሉኛል። ከምዕራፍ አምስት ወደ ሁለት ተመልሰናል ስላቸው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ጎረቤቴ እማማ ደግሞ «አብሽሪ ልጄ፣ ዋናው ማለፉ ነው» ይሉኛል። እኚሁ ሴት የጦሳ ተራራን ጉም አይተው ዛሬ ልብስ አይሰጣም ሲሉ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም! ልጆቼ የአየር ሁኔታን የተማሩት ግማሹን ከእሳቸው ነው፤ እሳቸው ግን ይህ ትምህርት ነው ብለው አያምኑም።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ፣ የቦርከና ወንዝ ደፍርሶ አፈር ተሸክሞ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ቀጥ ያለ ጣሳ ደጅ ላይ አስቀምጦ ዝናብ በሚሊሜትር መለካት ሲቻል፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ልጅ ይህን ካወቀ የቤቱ ቆርቆሮ ስንት በርሜል እንደሚሞላ ራሱ ያሰላል። የእኔ ልጆች ግን በዚያ ሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት ገብተው የከርሞውን መጽሐፍ አስቀድመው እየሸመደዱ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚያስመዘግብ እኔም አስመዝግቤአለሁ። የውሃ ዑደት ሥዕል ይገለብጣሉ። ዝናቡ ውጭ ቆርቆሮውን እየደበደበ የመምህሩን ድምፅ ያጠፋዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብኝ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው የሚታየው በግብፅና በሳዑዲ በኩል ነው፤ ለእኛ ከፊሉ ይደርሰናል፣ ያውም ከቀትር በኋላ፣ ልክ የክረምቱ ደመና በሚከመርበት ሰዓት። በሰኔ 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ እንደ ቀለበት ስትታይ ትልቋ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ትንሹማ ምንም አያስታውስም። ስለዚህ ቆርጫለሁ፦ ደሴ ከደፈነባት ልጆቹን ይዤ ወደ ባቲ እወርዳለሁ፣ ቆላው ምናልባት ይገልጥልን ይሆናል። የግርዶሽ መነጽር የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ከወዲሁ ንገሩኝ፤ የማጠናከሪያው መምህር ደግሞ በዚያ ቀን ፈተና እንዳያደርጉ አደራ።