ኔትወርኩ ነው

ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን ሲገባ «ከሽቦው ውስጥ የሚያወራው ሰይጣን ነው» ብለው የሸሹ እንደነበሩ ሲወራ ኖሯል። ሰዎቹ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም፤ ሰይጣኑ ስሙን ቀይሮ ኔትወርክ ተባለ እንጂ። ድሮ ያጠፋ ሰው «ሰይጣን አሳስቶኝ» ይል ነበር፣ አሁን «ኔትወርክ አስቸግሮኝ» ይላል። ለቅሶ ያልደረሰ፣ ዕቁብ ያልጣለ፣ ክርስትና ተጠርቶ የቀረ፣ ለአማቱ ያልደወለ ሁሉ በዚሁ ስም ይምላል። ኔትወርክ ደግሞ ደጉ ነገሩ አፍ የለውም፤ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ያን ዕለት እኔ ደህና ነበርኩ» አይልም።

ነገሩን የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ አይታለልም። ጥሪ ሲቆረጥ አቆራረጡ ራሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራል።

እውነተኛ የኔትወርክ መቆረጥ ድንገት አይመጣም። መጀመሪያ ድምፁ ይሰባበራል፤ «ልጆ... ደህ... እንዲያው...» እያለ የሮቦት ድምፅ ይሆናል። ቀጥሎ ዝምታ ነው። በዚህ ጊዜ ስልኩ ገና ተስፋ አልቆረጠም። በ2ጂ መስመር ላይ በየ480 ሚሊ ሰከንዱ ከታወሩ የሚላክለትን መልእክት ለማንበብ ይሞክራል። ባቃተው ቁጥር ከተሰጠው ቆጠራ ላይ አንድ ይቀንሳል፣ በተሳካለት ቁጥር ይጨምራል፣ ዜሮ ሲደርስ ብቻ መስመሩን ይለቃል። ኩባንያው እንዳስተካከለው አሥር ሰከንድ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። 3ጂና 4ጂ ቶሎ ይቆርጣሉ፣ እነሱም ቢሆኑ የጥቂት ሰከንድ ትዕግሥት አላቸው። «ሃሎ? ሃሎ? ኧረ ይሰማል? ሃሎ!» የምንባባለው በዚያች መሀል ነው።

ጣት የቆረጠው ጥሪ ግን ጥርት ያለ ነው። «ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ቤተሰብ ደህና? እንዲያው ያቺ አምስት ሺህ ብር...» ቱት፣ ቱት፣ ቱት። መሰባበር የለ፣ ዝምታ የለ፣ ሃሎ የለ። «አይሰማም! ኧረ አይሰማም!» የሚለውም ተበዳሪ ከዚህ አይሻልም። አበዳሪው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቆ ነው አይሰማም የሚለው፤ ካልሰማ የት ላይ እንዳለቀ ማን ነገረው?

ሆኖም ጥርት ብሎ የተቆረጠ ሁሉ በተንኮል አይደለም። አንዱ ምክንያት ሂሳብ ነው። ቅድመ ክፍያ ያለው ሰው ሂሳቡ ባለቀበት ሰከንድ ሲስተሙ ይዘጋበታል፣ ደህና ዋሉ እንኳ አያስብልም። ጥቅል ገዝቻለሁ ብሎ የተዝናናውም ጥቅሉ ወደ ሌላ ኩባንያ የሚደረገውን ጥሪ ላያካትት ይችላል። በ09 ይዞ ወደ 07 ሲያወራ ከዋናው ሂሳብ እየተቀነሰ መሆኑን የሚያውቀው ሲቆረጥ ነው። ረጅም ወሬ ያለበት የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ አስቀድሞ በ*804# ሂሳቡን ቢያይ ከጠብ ይተርፋል።

ሌላው ጉንጭ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያምንም። በስልኩ ራስጌ፣ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ፣ ፊት ሲቀርበው ስክሪኑን የሚያጠፋ ትንሽ ሴንሰር አለ። መንገድ ዳር በጥድፊያ የተለጠፈ ስክሪን ፕሮቴክተር ጠርዙ እሱ ላይ ካረፈ፣ ወይም የፊት ቅባትና ፓውደር ከጋረደው ይሳሳታል። ስክሪኑ ጆሮ ስር ቦግ ይላል፣ ጉንጭም ያገኘውን መጫን ይጀምራል። አንዴ ድምፅ ያጠፋል፣ አንዴ ጥሪውን «ቆይ» ላይ ያደርገዋል፣ ሲፈልግ ቀዩን ይነካል። ባለ ጉንጩ ደግሞ «ይሄ ኔትወርክ!» ይላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ደውሎ የስልኩን ራስጌ በእጅ መሸፈን። ስክሪኑ ካልጠፋ መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ እምቢ ካለም ፕሮቴክተሩን መላጥ።

የጎን ቁልፉም የዚሁ ዘመድ ነው። አንዳንድ ስልክ ማብሪያ ማጥፊያው ሲጫን ጥሪ እንዲዘጋ ተደርጎ ይገኛል። እማማ ስልኩ እንዳይወድቅባቸው ጨምቀው ሲይዙት፣ ሳያውቁት ልጃቸው ጆሮ ላይ ይዘጋሉ። ከዚያ «አሜሪካ ሄዶ ናቀኝ» ይመጣል። በአንድሮይድም በአይፎንም አክሰሰቢሊቲ የሚለው ክፍል ውስጥ ገብቶ ይህን ማጥፋት ይቻላል። የልጅ ልጅ እስኪመጣ አይጠበቅ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ቤት እንግባ። «ሳሎን ይቆረጣል፣ በረንዳ ስወጣ ይጠራል» የሚል ሰው ታወሩን እየከሰሰ ያለው ራሱ በመታው ቆርቆሮ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን መልሶ ይወረውራል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ ከሆነ የቀረው መግቢያ መስኮት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማውራት መስኮት ስር ነው። የከተማው አዳዲስ ሕንፃዎችም የሚያብረቀርቀው መስታወታቸው ስስ የብረት ሽፋን ስላለው ከቆርቆሮው ብዙም አይለዩም፣ ኪራያቸው ይለያል እንጂ። ምድር ቤትና ሊፍት ውስጥ ገብቶ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» የሚል ሰው ምን ተስፋ እንዳደረገ አይታወቅም።

ግራ የሚያጋባው ከአሥረኛ ፎቅ በላይ ያለው ነው። የኔትወርክ ሰረዙ ሙሉ፣ ጥሪው ግን ይቆረጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ስልኩ አንድ ታወር ሳይሆን የከተማውን ግማሽ ያያል። ምልክቶቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ፣ ስልኩም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ውሎ አንዱ ዝላይ ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ ለሰሚ ይገርማል፦ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ወደ ቤቱ መሀል መግባት። ምድር ላይ ያለው ወደ መስኮት፣ ሰማይ ላይ ያለው ከመስኮት።

ሰረዙን ግን አትመኑት። የሰረዝ አሳሳል ስምምነት የለውም፤ አንዱ አምራች አራት የሚስልበትን ሌላው ሁለት ይስላል። ትክክለኛው ቁጥር የምልክት ጉልበት በሚለካበት በዲቢኤም ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ስር የሲም ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ በአይፎን *3001#12345#* ደውሎ ነው። ለ2ጂና 3ጂ -70 ድግስ ነው፣ -90 ያኖራል፣ ከ-105 በታች ሲሆን ጥሪው በክር ተንጠልጥሏል። የ4ጂ ቁጥር በባሕርይው ዝቅ ስለሚል -100 ላይ አይደነገጥም፣ -115 ላይ ይደነገጣል። በየአሥሩ ዲቢኤም ጉልበቱ ወደ አሥረኛ ይወርዳል፤ ሁለት እርምጃ ወደ መስኮት መጠጋት ያን ያህል ሊለውጥ ይችላል። አያያዝም ልዩነት አለው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) አይፎን 4 ሲወጣ የታችኛው ግራ ጥጉ በእጅ ሲያዝ ምልክቱ ይወርድ ስለነበር አፕል በመጨረሻ ለገዢዎቹ ሽፋን በነፃ አደለ። ዛሬም የብዙ ስልክ አንቴና ከታች ነው፤ መዳፍ ሙሉ አፍኖ ይዞ መጮህ አይረዳውም።

ሌላው ተንኮል 4ጂው ራሱ ነው። ድምፅን በ4ጂ የማያስተላልፍ ስልክ ጥሪ ሲመጣለት ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። በዚያ ሽግግር ላይ መዘግየትና መውደቅ የተለመደ ነው። 4ጂው በሚንቀጠቀጥበት ቤት ውስጥ የኔትወርክ ዓይነቱን ወደ 3ጂ/2ጂ ማውረድ ጥሪውን ያረጋጋል። ቪዲዮው ይንቀራፈፋል፣ ግን እናት ትሰማለች።

መብራት ሲጠፋ ታወሩ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል። ያ ሲያልቅ ጎረቤት ታወር ላይ ሸክሙ ይወድቃል፣ 3ጂ ደግሞ ሰው ሲበዛበት የሚደርስበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። ዳር ላይ ያሉት ይቆረጣሉ። ደመራ ወይም ጥምቀት ላይ ያለው መከራ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ ጥሪ አይቆረጥም፣ መጀመሪያውኑ አይወጣም። የ2ጂ አንድ ሞገድ ስምንት ክፍተት ብቻ ነው ያለው፣ ጃንሜዳ ደግሞ ስምንት ሰው አይደለም የሚወጣው። ለዚህ ቴክስት ይላካል።

ሁለት ሲም የያዘውም ይታዘንለት። አብዛኛው ባለ ሁለት ሲም ስልክ በአንዱ ሲያወራ ሌላውን ይዘጋል። በ09 ከአለቃው ጋር ሲያወራ በ07 የደወለችው እጮኛ «ሊያገኟቸው አይችሉም» ትባላለች። ማታ የሚሰማውን መልስ ማንም ይገምተዋል፣ ጉዳዩ ግን የሬዲዮ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው።

ቀፎው ላይ የሚሞከረው አጭር ነው። ፍላይት ሞድ አሥራ አምስት ሰከንድ አብርቶ ማጥፋት። ሲሙን አውጥቶ የወርቅማውን ገጽ በደረቅ ጨርቅ ወይም በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግ። በመቀስ የተቆረጠ የድሮ ሲም ከሆነ መታወቂያ ይዞ ሄዶ ማስቀየር፤ በመቀስ የተሠራ ነገር የሚለካው በዓይን ነውና። ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ መሞከር ከሁሉም ይበልጣል፦ እዚያም ከተቆረጠ ስልኩ ነፃ ነው።

አሁን የቤት ስልክ። የቤት ስልክ ቀርቷል የሚል ሰው ዳንቴሉን አላየም። መዳብ መስመር ከሆነ ከማዕከሉ 48 ቮልት ይመጣለታል፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ይሠራል። ሲጠራ ቮልቴጁ ወደ 75፣ እስከ 90 ይዘልላል፤ የተላጠ ሽቦ በዚያች ሰዓት የነካ ሰው ደዋዩን አይረሳውም። በፋይበር የተቀየረው ግን መሣሪያው መብራት ስለሚፈልግ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ጥሪው ሲንኮሻኮሽና ሲቆረጥ አንድ ቁጥር ብቻ ተጭኖ ማዳመጥ ነው። ቶኑ ይጠፋል፣ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ማለት አለበት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሽርርር ካለ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ክረምት ላይ የሚብስ ከሆነ ምሰሶው ላይ ያለው ማከፋፈያ ሳጥን ወይም መጋጠሚያው ውኃ ገብቶበታል፤ በጋ ሲመጣ «ዳነ» ተብሎ ይረሳል፣ ሰኔ ላይ ይመለሳል። ጥምዝምዙ ገመድ ሲወዛወዝ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የተበጠሰው እሱ ነው፤ ነቅሎ አዲስ መሰካት ነው። ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት ግን ቤት ውስጥ ያሉትን ስልኮች ሁሉ ነቅሎ አንዱን ባለ ገመድ ስልክ መጀመሪያው ሶኬት ላይ ብቻ ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል። ደህና ከሠራ ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲህ ነው።

ከግድግዳው ወዲህ ያለው ትልቁ ጥፋተኛ ዳንቴል ነው። ስልኩ ላይ የሚለብሰው የተሠራ ዳንቴል ጫፉ እጀታው ስር ከገባ ማረፊያው ላይ ያሉት ሁለት አዝራሮች በደንብ አይጫኑም። መስመሩ ክፍት ሆኖ ያድራል። ጠዋት የደወለ ሁሉ «ተይዟል» ይባላል፣ «ይቺ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» የሚልም አይጠፋም። ከዳንቴሉ ስር የተከማቸው አቧራም አዝራሮቹን ስለሚያጣብቅ ወሬ መሀል ይቆርጣል። ዳንቴሉ ከስልኩ ስር ቢነጠፍ ውበቱም አይቀር፣ ጥሪውም።

መስመሩ ፓራሌል ሆኖ ሁለት ክፍል ውስጥ ስልክ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይባል። ድምፅ ድንገት ቀነስ ካለ መስመሩ አልታመመም፤ ሌላኛው እጀታ ተነስቶ ጉልበቱን ሁለቱ እየተካፈሉት ነው። እማማ ጓዳ ሆነው እያዳመጡ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠገን የለም፣ ወሬው ይለወጣል።

ከውጭ በዋትሳፕና በቫይበር የሚደወለው ጥሪ በር ላይ ነው የሚሞተው። ዋይፋይ ይዞ የጀመረ ሰው ወሬውን እየቀጠለ ከግቢ ሲወጣ፣ ስልኩ የሚደክመውን ዋይፋይ የሙጥኝ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ዳታ ሲዘል ይቆርጣል። የሚወጣ ሰው ዋይፋዩን አጥፍቶ ይውጣ። በመሀል ተራ ጥሪ መጥቶ ቢነሳም የዋሽንግተኑ ይቆማል፤ ይህን ለአክስት ማስረዳት አይቻልም።

ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለቱም ወዲያው መልሰው ይደውላሉ፣ ሁለቱም «ተይዟል» ይባላሉ፣ ሁለቱም ይጠራጠራሉ። መጀመሪያ የደወለው ይደውል፣ ሌላው ሠላሳ ሰከንድ እጁን ይሰብስብ። ሚስኮል አድርጎ ያስደወለ ሰው ግን ደዋይ አይባልም፤ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቦታ ደግሞ ነገር ከሰላምታ ይቅደም። «ነገ 3 ሰዓት መርካቶ» ከተባለ በኋላ ዝናቡም ከብቱም ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ አሁንም ከተቆረጠ ጥፋቱ የኩባንያው ነው፣ ይከሰስ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 ይደውላል። «ኔትወርክ የለም» ብሎ መዝጋት ግን ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም። ቀኑና ሰዓቱ፣ የቆሙበት ቦታ፣ የተደወለለት ቁጥር፣ ቤት ውስጥ ነው ደጅ፣ ሌላ ስልክ ላይም ይቆረጣል ወይ፣ ጎረቤትስ፤ ይህን በወረቀት ጽፎ መያዝ ነው። የሚደወለውም ከበረንዳ ነው፤ ከሳሎን ከተደወለ ተራ ተጠብቆ ተጠብቆ ሠራተኛዋ «ምን ልርዳዎት?» ስትል ይቆረጣል።