ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን እዩ

ስለ ስብራት ያነበብኩት ጽሑፍ የተሰበረ እጅ እንዳይንቀሳቀስ ይታሰር ማለቱ ልክ ነው። አጥብቆ ማሰር የሚያመጣውን መዘዝ ግን አላነሳም። የእህቴ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አንድ የሰፈር ወጌሻ አሸውና በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ልጁ ሲያለቅስ አደረ። "ሊድን ሲል ነው" ተባልን። ጠዋት ጣቶቹ አብጠው፣ ቀዝቅዘው ነበር። ሐኪም ቤት እስሩ ተፈቶለት እጁ ለጥቂት ተረፈ። በዚህ ሰበብ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ እኮ!

እባካችሁ፣ ከታሰረ በኋላ ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። በ2 ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰ፣ ሌሊትም ቢሆን እስሩን አላልታችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የተሰበረው ቦታ አይታሽ፣ አይጎተት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።