ይድረስ ለክቡር 90 ደቂቃ

ጉዳዩ፦ የእረፍት ነጥብ ከእርስዎ ቤት ቀጥታ ስለመግዛትና ከሁለተኛ እጅ ስለመግዛት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል፤ በቀን ስንቱን ያስተናግዳሉ። የተዋወቅነው ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ከተማ ነው። የክፍላችንን ቁልፍ ተቀብለን ዞር ስንል አንዲት ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ከትንሽ ጠረጴዛ ጀርባ ሆና ጠራችን። የመኪና ማቆሚያ ወረቀት የምትሰጠን መስሎን ሄድን። እሷ የ150 ዶላር ካርድ አወጣች። «ቁርስ አለ። ስለ ታይምሼር፣ የእረፍት ቤት በጊዜ ተከፋፍሎ ለብዙ ሰው ስለሚሸጥበት መንገድ፣ ትንሽ ገለጻ ትሰማላችሁ። 90 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የመግዛት ግዴታ የለባችሁም» አለች። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔ ግን 150 ዶላር ለ90 ደቂቃ ማለት በሰዓት 100 ዶላር መሆኑን አስልቼ ጨርሻለሁ። እንዲህ ያለ ደሞዝ ማን ሰጥቶኝ ያውቃል?

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገባን። ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ወጣን። ሒሳብ ላይ እስከዚህም ነኝ፤ ግን የእርስዎ 90 ደቂቃ በእኔ ሰዓት 255 ደቂቃ ነው። ደሞዜም በሰዓት ወደ 35 ዶላር ወረደ። ስለ ቁርሱ ብዙ አልናገርም። ነበረ።

መቼም ሰዎችዎ ተሰጥኦ አላቸው። እኛ የደረሰን ሻጭ ቁጥር የሚጽፈው ወደ ራሱ አዙሮ አይደለም። ወረቀቱ ወደ እኛ ዞሮ ይቀመጣል፤ እሱ ከማዶ ሆኖ በግልባጩ ይጽፋል። 6ን ከ9 አንዴም አላምታታም። «በዓመት ለሆቴል ስንት ታወጣላችሁ?» አለን። 2,500 ዶላር አልን። ትንሽ ጨምረን ነው፣ እንዳይንቀን። በ20 ዓመት አባዛና 50,000 ብሎ ጻፈ። ሁለት ጊዜ ከበበው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም አለ። የምርመራ ውጤት ይዞ የገባ ሐኪም ዝምታ ነው።

ቀጥሎ ስለ ነጥብ አስረዳን። ድሮ ታይምሼር የሚገዛ ሰው አንድ ሳምንት ነበር የሚገዛው። ያች ሳምንት በየዓመቱ በዚያው ቤት ትጠብቀዋለች። አሁን ግን ሳምንቱ ተፈጭቶ ነጥብ ሆኗል። በየዓመቱ የተወሰነ ነጥብ ይሰጥሃል። ጠባብ ክፍል ሰው በማይበዛበት ወቅት ጥቂት ነጥብ ይበላል፤ ሰፊ ክፍል በገና ሰሞን ብዙ ይበላል። ነገሩ ክፉ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር። ክፉው ዋጋው ነው።

28,000 ዶላር አለ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ተነስቶ ሄዶ ሥራ አስኪያጁን ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እንደ አዲስ ነገር አየው፤ 21,000 አለ። ባለቤቴ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። በዚህ ጊዜ ሦስተኛ ሰው ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ከእነሱ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ አስተያየት ብቻ የሚጠይቅ ሰው ነው ተባልን። እሱ 16,500 አለ። ዛሬ ብቻ። ነገ ጠዋት ይህ ዋጋ የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ 11,500 ዶላር የወደቀ ዕቃ ነገ ይወደዳል ብሎ ሰው እንዴት ያምናል? እኔ አመንኩ።

ደግሞ ከማዶ ጠረጴዛ ቃጭል ተደወለ። አንድ ቤተሰብ ገዝቷል። አዳራሹ አጨበጨበ። ክቡር ሆይ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቄ እንደነበር ይመዝገብልኝ። «ይኸው ነጥብ ኢንተርኔት ላይ ከባለቤቶቹ በርካሽ ይሸጣል ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩ። የሻጩ ፊት በአንድ ጊዜ ከፋው። «ሪሴል ማለትህ ነው?» አለኝ፤ ባለጌ ቃል ተናግሬ ልጆች የሰሙብን ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ። ወረቀቱ ላይ ሪሴል ብሎ ጻፈና ትልቅ ኤክስ አደረገበት። ሁለተኛ እጅ ነው። ለክብር ደረጃ አይቆጠርም። ወደ ክሩዝ፣ ማለትም ወደ መርከብ ሽርሽር፣ አይቀየርም። አዲሶቹን ሪዞርቶች አያስገባም። «አንተ እኮ ባለቤት ነው የምትሆነው፤ እነሱ ግን...» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ፈረምኩ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለ። ባለቤቴ እንዳትነቃ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልኬን ከፈትኩ። ያው ሪዞርት፣ ያው የነጥብ ብዛት፣ በየዓመቱ የሚሰጥ፣ ከአንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት፦ 1,200 ዶላር። ዓይኔን አሸት አድርጌ ዜሮ የጎደለ መስሎኝ ደጋግሜ ቆጠርኩ። አልጎደለም። ወረድ ብዬ ዓመታዊውን የጥገና ክፍያ አየሁ፤ 1,180 ዶላር፣ ማለትም እኔ ልከፍል ከፈረምኩት ጋር እኩል። ለካ ያች ክፍያ ነጥቡ ከየት ተገዛ ብላ አትጠይቅም። ዋናው ላይ የከፈልከው 16,500 ይሁን 1,200፣ በየዓመቱ ትመጣለች፤ ደግሞ ባዶ እጇን ከርማ አትመጣም፣ ትንሽ ጨምራ ነው። አልጋውም ቢሆን ማን በስንት ገዝቶ እንደተኛበት አያውቅም።

«ለምንድን ነው ታዲያ ከእናንተ የሚወደደው?» ብዬ በጨለማ ጠየቅሁ። መልሱ ቀኑን ሙሉ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ቁርሱን የከፈልኩት እኔ ነኝ። የ150 ዶላሩን ካርድም። የፈገግታዋን ልጅ ደሞዝ፣ የሻጩን ኮሚሽን፣ የሥራ አስኪያጁን፣ አስተያየት ጠያቂ የተባለውን ሰውዬ፣ ቃጭሏን ሳይቀር። ይህን ሁሉ አራግፈው ቢሸጡት ነው ጡረተኞቹ ዋጋ ላይ የሚደርሰው።

ወለዱንማ አያንሱብኝ። 10 በመቶ ቅድሚያ፣ የቀረው በ10 ዓመት፣ በ17 በመቶ። ሒሳብ ላይ እስከዚህም ነኝ ብያለሁ፤ ስልኬ ግን ደህና ነው። በወር 258 ዶላር ገደማ ይመጣል። ቅድሚያው ሲጨመር 16,500 የተባለው ነገር ከ32,000 ዶላር ያልፋል። የጥገና ክፍያው ገና አልገባበትም።

ጠዋት ባለቤቴ የሰጡንን ዶሴ ገለጠች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እሷ ግን ሞኝ አይደለችም፣ ወረቀቱንም አነበበችው። እርስዎ በ255 ደቂቃ ውስጥ ለማንሳት ጊዜ ያጡላት አንቀጽ ልክ ከፊርማዬ በላይ ተጽፋለች። በፍሎሪዳ ሕግ የፈረመ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት ውሉን መሰረዝ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከፈረመበት ወይም የመጨረሻው ሰነድ ከደረሰው ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው። መብቴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ደብዳቤው የሚጸናው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው። (አገሩ ይለያያል። ኔቫዳ 5 ቀን ነው፤ ካሊፎርኒያ 7፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14። ቀኑ ካለፈ ግን አልቅሶ መተኛት ነው።)

በ4ኛው ቀን ፖስታ ቤት ሄድኩ። ሦስት መስመር ጽፌ በሪኮማንዴ ላክሁ። ደረሰኙን እስከዛሬ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው። ሻጩ ደወለ፤ ሥራ አስኪያጁ ደወለ፤ ያ «ከእኛ ጋር የማይገናኘው» ሰውም ደወለ። ገንዘቤ ተመለሰ። ካርዷን ግን አልመለስኩም፤ በላቤ ያገኘኋት ናት።

አሁን ፍርደ ገምድል እንዳልባል ለእርስዎ የሚደላውንም ልናገር። ሻጩ ሁሉንም አልዋሸም። ዊንድሃም በተባለው የታይምሼር ኩባንያ ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ነጥብ ለቪአይፒ ደረጃ አይቆጠርም። የዲዝኒው ደግሞ ከበድ ይላል። ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 ወዲህ ከመጀመሪያዎቹ 14 ሪዞርቶች የአንዱን ነጥብ ከሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው፣ ሪቪየራ የተባለውን ሪዞርትና ከእሱ በኋላ የመጡትን አዳዲሶቹን በዚያ ነጥብ መያዝ አይችልም። የሪቪየራን ነጥብ ከሁለተኛ እጅ የገዛማ ከሪቪየራ ውጭ መሄጃ የለውም። ልቡ አዲሱ ሪዞርት ላይ ያረፈ ሰው ቀጥታ ቢገዛ አልስቅበትም። ልቡ አሮጌው ላይ ያረፈው ግን ለምን? የራሱን ሪዞርት ከ11 ወር በፊት ቀድሞ የመያዝ መብቱ ከሁለተኛ እጅም ቢገዛ አብሮት ይመጣል። የበርካታ አሮጌ ውሎች ማብቂያም ያው ጃንዋሪ 2042 ነው። በውድም በርካሽም የገዛው በአንድ ቀን ይወጣል።

አንጀቴን የሚበላው ሌላ ነው። ዲዝኒን ጨምሮ በርካታ ኩባንያዎች ውላቸው ውስጥ የቅድሚያ ግዢ መብት አላቸው። አንድ ባለነጥብ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ሲስማማ፣ ኩባንያው በዚያው ዋጋ ልግዛው ብሎ መሃል መግባት ይችላል። ልብ ይበሉ እንግዲህ። ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ኤክስ የተደረገበት፣ ደረጃ የሌለው፣ ራስ የሚነቀነቅለት ሁለተኛ እጅ ነጥብ ማለት ነው። እርካሽ ሆኖ ሲገኝ የሚሻማው ራሱ ኩባንያው ነው። ገዝቶ ምን ያደርገዋል? ቁርስ አቅርቦ በሙሉ ዋጋ መልሶ ይሸጠዋል። ክቡር ሆይ፣ ያኔ ሁለተኛ እጅ መሆኑ የት ይገባል?

በሌላ በኩል ሁለተኛው ገበያም ገነት ነው አላልኩም። 1 ዶላር የተባለ ነጥብ አይቻለሁ፤ ማንም አይነካውም። ዶላሩ አይደለም ችግሩ። ሻጩ በየዓመቱ ከምትመጣው የጥገና ክፍያ እግሬ አውጪኝ እያለ ነው፤ የገዛ ሰው እሷን ይወርሳል። የዘንድሮውንና የመጪውን ዓመት ነጥብ ተበድሮ አሟጦ፣ ቀፎውን የሚሸጥም አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ነጥብህን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፣ ግብሩን ብቻ አስቀድመህ ላክ» ብሎ የሚደውለው ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በማርች 2023 እዚህ ማጭበርበር ውስጥ ገብተዋል ያላቸውን 8 የሜክሲኮ ኩባንያዎች ከአንድ የዕፅ ካርቴል ጋር አያይዞ ማዕቀብ ጥሎባቸዋል። ሳይሸጥልህ ክፈል የሚልህን ስልክ ዝጋበት፣ በቃ።

ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ተጠንቅቀን ነው የገባነው። ከጡረተኞቹ ገዛን። ሴትየዋ ስልክ ላይ «ጉልበታችን ደከመ እንጂ ቦታውን እንወደው ነበር» አለችኝ፤ የጠዋቷን ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ሻጩ አልነገረኝም፤ አያውቀውማ። ገንዘቡን በእጇ አልሰጠሁም፤ ክሎዚንግ፣ ማለትም የሽያጭ ማጠናቀቂያውን፣ በሚሠራ ድርጅት በኩል ነው ያለፈው። ዕዳ እንደሌለባትና ስንት ነጥብ እንደቀራት ከኩባንያው በጽሑፍ ካልመጣ አልፈርምም አልኩ፤ መጣ። ከዚያ ጠበቅን። ኩባንያው ሳይገዛው ተወው። ስሙ ወደ እኛ እስኪዞር ሦስት ወር ፈጀ። ቃጭል አልተደወለልንም። ባለቤቴ በማንኪያ ብርጭቆ መታችልኝ።

የቀረብን ነገር አለ፣ አልክድም። ወርቃማ ካርድ የለንም። ክሩዝ በነጥብ አንሄድም፤ ድሮም ባሕር ያዞረኛል። ባለፈው በጋ ግን ያች በረንዳ ላይ ቡና ይዤ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤት በረንዳ ላይ ያለው ሰውዬ ቀጥታ የገዛ ነው። ፀሐዩ ለሁለታችንም እኩል ወጣ። ስንት እንደገዛሁት ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። በእረፍቱ ቀን ምን አደረገኝ?

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል ስልክ ተደወለ። ከሪዞርቱ ናት። ድምፅዋን አወቅኋት፤ ፈገግታው ይሰማል። አሁን ባለቤት ስለሆንኩ የባለቤቶች አዲስ መረጃ ስብሰባ ተዘጋጅቶልኛል፤ ቁርስ አለ፤ የመግዛት ግዴታ የለብኝም።

ስንት ደቂቃ ነው አልኳት።

እርስዎን ጠራችልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሥራ አስኪያጁ
ከሥራ አስኪያጁ ጋር ምንም ለማይገናኘው ሰው
ለባለቤቴ ክርን